የድሬዳዋ ጫት፦ ከባቡር ጣቢያው እስከ መርዝ አርካሹ ኢንዛይም

ድሬዳዋ ከምትታወቅባቸው ንግዶች ሁሉ እንደ ጫት ጊዜ የሚያጣድፈው የለም። ከሐረርጌ ደጋ ማለዳ የተቀጠፈ ቅጠል በዚያው ዕለት ገበያ ካልወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ከተማዋን አልፎ ጅቡቲ የሚገባውም በሰዓቱ ካልደረሰ ገዢ ያጣል። ምክንያቱ በቅጠሉ ውስጥ ያለ ነው። ካቲኖን የተባለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር እየተለወጠ ይሄዳል፤ ሁለት ቀን ካለፈው ጫት የሚገኘው ምርቃና እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ የድሬዳዋ ጫት ታሪክ በአመዛኙ የመጓጓዣ ታሪክ ነው፤ የአህያ፣ የባቡር፣ የአውሮፕላንና የመኪና። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ተመራማሪዎች ቅጠሉ ከታኘከ በኋላ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ መከታተል ይዘዋል። በዚያ ጉዞ ላይ የሚገጥመው አንድ መርዝ አርካሽ ኢንዛይም ጉበት ላይ ብቻ ሳይሆን አንጎል ውስጥም የሚሠራ፣ የነርቭ ሴሎችን ከጉዳት እንደሚከላከል በላቦራቶሪ የታየ፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድም የተለየ ታሪክ ያለው ነው።

ጫት በኢትዮጵያ ምድር ከድሬዳዋ እጅግ ይቀድማል። እስካሁን ከሚታወቁት ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የተደረገውን ጦርነት የሚተርከው የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። በዚህ ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን ሲፎክር፣ የንጉሡን መናገሻ ይዞ በዚያ ጫት እንደሚተክል ተናገረ ይላል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይነግራል፤ ተክሉ በዚያን ጊዜ በሙስሊሞቹ ግዛቶች የታወቀና የተወደደ እንደነበረ፣ መትከሉም ሰፍሮ የመኖር ምልክት ተደርጎ ይታይ እንደነበረ። ለአውሮፓ ሳይንስ ግን ጫት የታወቀው በየመን በኩል ነው። በዴንማርክ ንጉሥ ጉዞ ተልኮ ወደዚያ የዘለቀው የዕፅዋት ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል ተክሉን ሰብስቦ ስም ከሰጠው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሞተ፤ ሥራውን ያሳተመው የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር ሲሆን ዓመቱም 1775 ነው።

በሐረር ጫት የሊቃውንት ቅጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 መባቻ ሐረር ገብቶ ለአሥር ቀን ያህል የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የከተማዋ ዑለማዎች ተሰብስበው ሲቅሙና ሲጸልዩ ማየቱን ጽፏል። ተክሉ የሚለማው በግንቡ ዙሪያ ባሉ አትክልት ቦታዎች ሲሆን ገበያውም ከግንቡ ብዙ የራቀ አልነበረም። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሐረርን በያዙባቸው ዓመታት እስልምና በዙሪያው ባሉ የኦሮሞ ገበሬዎች ዘንድ ይበልጥ ሲሰፋ የጫት ተክልም አብሮ ወደ ገጠሩ ወጣ። አፄ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ ጫት ገና የአካባቢ ፍጆታ ነበር፤ ሐረርን ለውጭው ዓለም ያስጠራት ቡናዋ ነበር።

ይህን የለወጠው ባቡር ነው። ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ በ1886 ዓ.ም. የሰጡት የባቡር ሥራ ፈቃድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን እንዲያካትት የታሰበ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ነገር ግን የሐረርን ተራራ በሐዲድ መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ ከተራራው ግርጌ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ጸንቶ የቀረው ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም ነው። ኩባንያው በገንዘብ ችግር ተዘግቶ በሌላ እስኪተካ ድረስ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ስለነበረች፣ ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ሁሉ እዚያው ተራግፎ፣ ተመዝኖ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ነበር ወደ ባሕር የሚሻገረው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ከተማዋ ገና ከጥንስሷ ሁለት መልክ ነበራት። በደቻቱ ወንዝ አንድ ወገን ከጣቢያው አጠገብ በመሐንዲስ የተነደፈችው፣ ጎዳናዎቿ ቀጥ ያሉት ከዚራ፤ በሌላው ወገን ገበያዋና ጠባብ መንገዶቿ በነጋዴው እጅ የተሠሩት መጋላ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሲሞላ ግን አይጣል ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ጎርፍ በከተማው ሰው ልብ ውስጥ አሁንም አለ። በመጋላ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ ጎን ለጎን ነግዷል። ጫት ከባሕር ማዶ ገበያ ጋር እንዲተሳሰር የየመናውያኑ መኖር ትልቅ ሚና ነበረው፤ ቅጠሉን ያውቁታል፣ በኤደን ማን እንደሚገዛውም ያውቃሉ።

የደጋውና የቆላው ልዩነት ንግዱን ቀርጾታል። ጫቱ የሚበቅለው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው የሐረርጌ ደጋ፣ በአወዳይና በሐሮማያ ዙሪያ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ በሙቀት ውስጥ ተቀምጣለች። በመሐል ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ገበሬው ለጋውን ቅርንጫፍ ሌሊት ወይም ማለዳ ይቆርጣል፤ ፀሐይ ሳይነካው ደረቁና ሻካራው ቅጠል ይራገፋል፤ ርዝመቱና ለጋነቱ እየታየ በዓይነት ይለያል፤ ታስሮ በሙዝ ወይም በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ውኃ ይርከፈከፍበታል። አወዳይ ላይ በጥቂት ደቂቃ ዋጋው ተቆርጦ መኪና ላይ ይወጣል። ድሬዳዋ ሲደርስ የሚቀበሉት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው እስሩን በረጠበ ጆንያ ሸፍነው፣ ለደንበኛ ሲሆን ብቻ ገለጥ አድርገው ያሳያሉ። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውኃ ይጨመርበታል። ሙዝ ቅጠሉም ሆነ ጆንያው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ ካቲኖን እንዳይረግፍ ማዘግየት። ይህን ኬሚስቶች ሳያውቁት ነጋዴዎቹ ያውቁት ነበር።

ባቡሩ ጅቡቲን በአንድ ቀን ርቀት ላይ አድርጓታል፤ የድሬዳዋ ጫት ባቡር በየዕለቱ ይጠበቅባት የነበረችው ጅቡቲም እስከ ዛሬ ዋነኛ ደንበኛ ናት። ኤደን ግን በባሕር ሩቅ ነበረች። ያንን የፈታው አውሮፕላን ነው። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብዙ ሳይቆይ በዳኮታ አውሮፕላኖቹ ከድሬዳዋ ጫት ጭኖ ወደ ጅቡቲና ወደ ኤደን መብረር ጀመረ። በእንግሊዞች ሥር የነበረችው ኤደን የጫት ፍጆታዋ አድጎ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣው ገንዘብ ስላሳሰባት እ.ኤ.አ. በ1957 ጫትን ከለከለች። ክልከላው ፍላጎቱን አልቀነሰውም፤ ጫቱ በየመን በኩል እየሾለከ መግባቱን ቀጠለ፣ መንግሥትም ቀረጡን አጣ፣ በ1958 ክልከላው ተነሣ። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉት ክልከላዎች፣ በሶማሊያ በ1983፣ በኔዘርላንድስ በ2013፣ በብሪታንያ በ2014፣ እያንዳንዳቸው የድሬዳዋንና የአወዳይን ገበያ ነክተው አልፈዋል።

ገበሬውም በዚህ መሐል ፊቱን ወደ ጫት አዞረ። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ ዋጋው በዓለም ገበያ ይወሰናል፤ በሽታም ይፈታተነዋል። ጫት ውኃ እስካገኘ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም በዚያው ቀን እጅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 አማረ ጌታሁንና ክሪኮሪያን ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ጫትን የሐረር ቡና ተቀናቃኝ ብለው ሲጠሩት የቡናው ማሳ በጫት መተካት የጀመረው ከብዙ ዓመታት በፊት ነበር። የዚህን ለውጥ ታሪክ ከ1875 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ በመጽሐፍ የጻፈው የታሪክ ሊቅ ሕዝቅኤል ገቢሳ ነው። በሐረርጌ መሬት እየጠበበ በሄደ ቁጥር ጫት ብዙ ቤተሰቦችን ከረሃብ ያዳነ ሰብል መሆኑን የማይቀበል ሰው ስለ ንግዱ ሚዛናዊ ነገር ሊናገር አይችልም።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ ባቡሩ ተቋረጠ፤ ጦርነቱ ካለፈም በኋላ አሮጌው መስመር እያዘገመ ሄዶ የጫቱን ሥራ መኪናና አውሮፕላን ወሰዱት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በድሬዳዋ ያልፋል፤ ጫቱ ግን ዛሬ በዋናነት የሚጓዘው በሌሊትና በማለዳ በሚከንፉ መኪኖችና በአየር ነው። ጫት ለኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ሆኗል፤ በቅርብ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገኘባቸው ጊዜያት አሉ።

የውጭ ገበያው እንዲህ ሲሰፋ በከተማዋ ውስጥ ያለው ልማድም ሰፋ። የድሬዳዋ ቀትር በሙቀቱ ምክንያት የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ይጀመራል። ምንጣፍና ትራስ ይዘጋጃል፤ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ፣ ኦቾሎኒ ይቀርባል፤ ቡና ይፈላል። ለጋው ቅጠል እየተመረጠ ይታኘክና በአንድ ጉንጭ ይያዛል፤ የማይበላው ገራባ ወደ ጎን ይጣላል፤ ገራባውን ፍየሎች ይጠብቁታል። ጨዋታው ይደራል፣ የንግድ ውል ይታሰራል፣ የተጣላ ይታረቃል። አመሻሽ ላይ ምርቃናው ሲበርድ ዝምታ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ይሄዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ሐራራው ይጠብቀዋል። በድሮው ዘመን የጎልማሶችና የሃይማኖት ሰዎች የነበረው ልማድ ተማሪውን፣ ሾፌሩንና የቀን ሠራተኛውን ጨምሯል፤ የቅሚያው መጠንም ሆነ ሰዓት ከበርጫ ወግ ወጥቷል። ለጤናው ጥያቄ አጣዳፊነት የሰጠውም ይህ ለውጥ ነው።

ሳይንሱ ቅጠሉን መረዳት የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ካቲን በጫት ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሆን ለ40 ዓመታት ያህል የምርቃናው ምክንያት እሱ ብቻ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ በካቲን መጠን ብቻ የትኩሱን ቅጠል ኃይል ማስረዳት አልተቻለም። ምርመራ የሚደረግበት ጫት አውሮፓ እስኪደርስ ደርቆ ስለነበር ዋናው ንጥረ ነገር ከተመራማሪዎቹ እጅ ያመልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖንን ለይቶ አወጣ። ካቲኖን በቅርጹም በሥራውም ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በአንጎል ውስጥ የዶፓሚንን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ልብን ያፈጥናል፤ እንቅልፍና ረሃብን ያርቃል።

ቅጠሉ ጉንጭ ውስጥ ሲቆይ አብዛኛው ካቲኖን በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ የቀረው ከምራቅ ጋር ተውጦ በአንጀት በኩል ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ጉበት ነው። ጉበት እንደ ንግድ መንገድ ኬላ ነው፤ ወደ ሰውነት የገባው ባዕድ ነገር ሁሉ እዚያ ይፈተሻል። የፍተሻው ዋና ሠራተኞች ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉት የኢንዛይም ቤተሰቦች ናቸው። በመሐላቸው ብረት የያዘ ክፍል አላቸው፤ በዚያ ላይ ኦክስጅን አስረው ወደ ባዕዱ ንጥረ ነገር ያሸጋግሩታል። ኦክስጅን የተጨመረበት ንጥረ ነገር ውኃ ውስጥ የሚሟሟ እየሆነ ስለሚሄድ በኩላሊት በኩል ሊወጣ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው በመጠን ትንሽ፣ በሥራ ግን ትልቅ ነው፤ በሐኪም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች ብዙዎቹን፣ በተለይ የአእምሮ ሕመም፣ የድብርት፣ የልብና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶችን ያስተናግዳል። ተፈጥሮ ግን ኢንዛይሙን የሠራችው ለመድኃኒት አይደለም፤ በዕፅዋት ውስጥ ያሉ አልካሎይድ የሚባሉ መራራና መርዛማ ንጥረ ነገሮችም ሥራው ናቸው።

ሰዎች በዚህ ኢንዛይም እንደሚለያዩ የታወቀበት አጋጣሚ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሲነገር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1975 የለንደኑ ተመራማሪ ሮበርት ስሚዝ ደብሪሶኩዊን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ለምርምር ከባልደረቦቹ ጋር ሲወስድ እሱ ብቻ የደም ግፊቱ ወርዶ ተዝለፈለፈ። ባልደረቦቹ ምንም አልሆኑም። ነገሩን ሲመረምረው የእሱ ሰውነት መድኃኒቱን የሚያረክስበት ኢንዛይም አልነበረውም፤ ጉድለቱም በዘር የሚተላለፍ ነበር። ከአውሮፓውያን ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት እንደ እሱ መሆናቸው ከዚያ በኋላ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች በተቃራኒው ጫፍ ያሉ፣ ጂኑን ከአንድ በላይ ደጋግመው የያዙ ሰዎችን ለዩ። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን በጣም በፍጥነት ስለሚያረክሰው የታዘዘለት መጠን ላይሠራለት ይችላል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ዕሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳተሙ። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። በቀይ ባሕር ማዶ በሳዑዲ ዓረቢያ በተደረገ ጥናትም ወደ 20 በመቶ ተገኝቷል። ይህ ስርጭት ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዓረቢያ የሚዘልቅ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው፤ ጫት፣ ቡናና ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት የተመላለሱበት ምድር ነውና። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ከረሃብ ጋር የተያያዘ ነው፦ ምግብ በጠፋበት ዘመን መርዛማ ዕፅዋትን ጭምር በልቶ መትረፍ የቻለው ጂኑ የተደጋገመለት ሰው ስለነበር ዘሩ በዛ የሚል። በድርቅ የተፈተነ አገር ሰው ይህን ማብራሪያ በቀላሉ የሚያልፈው አይሆንም።

ከጂኑ በላይ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ይኸው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸረ። ተመሳሳይ ጂን እያላቸው፣ አገር ቤት ያሉት ኢንዛይማቸው በዝግታ ይሠራ ነበር። ጂኑ አንድ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው አካባቢው ነው ማለት ነው፤ የሚበላው፣ የሚጠጣው ወይም የሚቃመው ነገር ኢንዛይሙን እየያዘው ነው። በአገር ቤት ከሚዘወተሩት ነገሮች በአልካሎይድ የበለጸገው ጫት ተጠርጣሪ ሆነ።

ጥርጣሬው የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ነው። ወርቁ በዳዳ፣ ኤፍሬም እንግዳወርቅ፣ ዕሌኒ አክሊሉና ሌሎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት 40 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችን ያካተተ ነበር። በቅድሚያ ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለ የሳል መድኃኒት ወስደው ኢንዛይሙ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ተለካ። ከዚያም ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ትኩስ ጫት ቅመው ልኬቱ ተደገመ። ከጫቱ በኋላ የሲዋይፒ2ዲ6 ሥራ በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። አሠራሩን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም፤ የኢንዛይሙ መሐል በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ውስን ነው፣ የጫት ንጥረ ነገሮች ቦታውን ሲይዙ መድኃኒቱ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ከአባቶች የተወረሰው ትርፍ የጂን ቅጂ በዕለት ልማድ ሊዳፈን ይችላል።

የአንጎሉ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሲዋይፒ2ዲ6 በጉበት ብቻ ሳይሆን በአንጎልም ይገኛል፤ ሰውነትን ለመንቀሳቀስ በሚያዝዙት ክፍሎች፣ በተለይም ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው ጥቁር ቀለም ባለው ክፍል ውስጥ ተለይቷል። ዶፓሚን የሚያመነጩት የዚህ ክፍል ሴሎች ናቸው፤ እነሱ ሲሞቱ የሚመጣው ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ነው፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ጡንቻ ይደርቃል፣ ፊት ስሜቱን ያጣል።

መርዝ ይህን በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ ነው። በድብቅ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ እርጅና የፓርኪንሰን ሕሙማን ተገትረው ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ ዊሊያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ መንስኤው ኤምፒቲፒ የተባለ የአሠራር ጉድለት የፈጠረው ንጥረ ነገር መሆኑን ደረሱበት። ኤምፒቲፒ በራሱ ገዳይ አይደለም። አንጎል ውስጥ ማኦ-ቢ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ኤምፒፒ ፕላስ ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል፤ ይህ መርዝ ዶፓሚን በሚገባበት በር ገብቶ የሴሉን ኃይል ማመንጫ፣ ሚቶኮንድሪያን፣ ሥራ ያስቆማል። ሲዋይፒ2ዲ6 በበኩሉ ኤምፒቲፒን ሌላ መንገድ ያስይዘዋል፤ ወደ መርዝነቱ ሳይደርስ ጉዳት ወደማያደርስ ቅርጽ ይለውጠዋል። በላቦራቶሪ የሚያድጉ የነርቭ ሴሎች ይህን ኢንዛይም በብዛት እንዲሠሩ ሲደረግ ኤምፒፒ ፕላስን በተሻለ ሁኔታ ተቋቁመዋል፤ በፓርኪንሰን በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥም የኢንዛይሙ መጠን ከሌሎች ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተለክቷል።

በሕዝብ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አንድ ድምፅ አይደሉም። ኢንዛይሙ የሌላቸው ሰዎች ለፓርኪንሰን ይበልጥ ይጋለጣሉ የሚለው ግኝት እ.ኤ.አ. በ1992 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ከወጣ በኋላ አንዳንዶቹ ደግፈውታል፣ ሌሎቹ አላገኙትም። ትርጉም ያለው መልስ የሰጠው በፈረንሳይ ገበሬዎችን ጨምሮ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ነው። የኢንዛይሙ ጉድለት ብቻውን አደጋውን ብዙም አልጨመረም፤ ጉድለቱ ያለበት ሰው ፀረ ተባይ መድኃኒት ሲጨመርበት ግን አደጋው ከፍ አለ። መርዝ አርካሽ ኢንዛይም ጥቅሙ የሚታየው መርዝ ሲኖር ነው፤ ይህ ውጤት ከማንኛውም ሌላ ጥናት ይልቅ ለሐረርጌና ለድሬዳዋ የሚቀርብ ነው።

ምክንያቱም ጫት ራሱ በፀረ ተባይ የሚረጭ ሰብል ሆኗል። ለጋው ቅጠል በተባይ ከተበሳ ዋጋ ስለሌለው ገበሬው ይረጫል፤ ለወባ ትንኝ ታስቦ የገባ ዲዲቲ ጭምር ወደ ጫት ማሳ ሲሄድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች በተሰበሰበ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ስንዴ ታጥቦ፣ ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ ይበላል፤ ጫት ግን ትኩሱን ለማግኘት ተጣድፎ መጥቶ በጥሬው ይታኘካል። ስለዚህ አንዱ እስር ሁለት ነገር ይዞ ወደ ሰውነት ሊገባ ይችላል፦ የሚረክስ መርዝና መርዝ አርካሹን የሚያዘገይ አልካሎይድ። ይህ በጫትና በፓርኪንሰን መካከል የምክንያትና ውጤት ግንኙነት አለ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቅጠሉ በማሳ ላይ እንዴት እንደሚያዝ የመንግሥት የግብርና ሠራተኞች ጉዳይ መሆን እንዳለበት በቂ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ፓርኪንሰን በሕዝብ መሐል የተቆጠረው በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በተመራው የቡታጅራ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው በዚህ የቤት ለቤት ቆጠራ 60,820 ሰዎች ተመርምረው በ100,000 ሰው 7 ብቻ የፓርኪንሰን ሕሙማን ሆነው ተገኙ። ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ነው። ለዚህ ትልቁ ምክንያት የሕዝቡ ወጣትነት ነው፤ በሽታው በብዛት የሚመጣው ከ60 ዓመት በኋላ ነውና። በዛሬዋ ድሬዳዋ የሰው ዕድሜ እየረዘመ ሲሄድ ከልጅነቱ ጀምሮ የቃመው ትውልድም አብሮ እያረጀ ነው።

የኢንዛይሙ ጥናት እስከዚያው ድረስ በሥራ ላይ የዋለው በመድኃኒት ቤት ነው። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ሥራውን የሚሠራው ሲዋይፒ2ዲ6 ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው፤ ጂኑ የተደጋገመለት ሰው ኮዴይን ሲወስድ በአጭር ጊዜ አደገኛ መጠን ያለው ሞርፊን በደሙ ውስጥ ሊከማች ይችላል። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን አገደ። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም የሚያልፍ በመሆኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በተቃራኒው ደግሞ ዘወትር የሚቅም ሰው እንደ አሚትሪፕቲሊንና ሃሎፔሪዶል ያሉ የድብርትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን ሲወስድ ጫቱ ኢንዛይሙን ስለሚያዘገየው መድኃኒቶቹ በደሙ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሊቆዩ፣ የጎንዮሽ ጉዳታቸውም ሊበረታ ይችላል። የሃሎፔሪዶል የጎንዮሽ ጉዳት ደግሞ መንቀጥቀጥና የጡንቻ መድረቅ፣ ማለትም ፓርኪንሰንን የሚመስል ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚታዘዝለት የድሬዳዋ ሰው ምን ያህል እንደሚቅም፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚቅምና መድኃኒቱን ከበርጫ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚወስድ መጠየቅ ዕድሜውንና ክብደቱን ከመጠየቅ እኩል የሐኪሙ ሥራ ነው።